ምዕራፍ ሰባት፦ ጥቂት የመሆን አደጋ

ባለፈው ምዕራፍ መለያየት ፈጣሪ ሆኖ አይተነዋል። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች በቆላና በጥልቅ ሸለቆ ተከበው ለብዙ ሺህ ዓመታት ተነጥለው መቆየታቸው ዋሊያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን የመሰሉ በሌላው ዓለም የማይገኙ እንስሳትን እንዳስገኘ ተመልክተናል። በዚህ ምዕራፍ ያው መለያየት አጥፊ ሆኖ ይመጣል። ልዩነቱ በመጠንና በፍጥነት ነው። ተፈጥሮ በሰፋፊ ተራሮች ላይ በረጅም ዘመን የሠራችውን መነጠል ሰው በጥቂት ትውልድ ዕድሜ፣ ያውም በቁርጥራጭ መሬት ላይ ሲደግመው ውጤቱ ይገለበጣል። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ፣ እንደ ቀደሙት ምዕራፎች ሁሉ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ የዱር ዝርያ ጠፋ ሲባል አብዛኛው ሰው ወደ አእምሮው የሚመጣለት ጠመንጃና መጥረቢያ ነው። ስሕተት የለበትም፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ነገር ግን የጠፉትን ዝርያዎች ታሪክ አንድ በአንድ ስንመረምር የመጨረሻዎቹን ጥቂቶች የጨረሳቸው ብዙውን ጊዜ አዳኙ ወይም እንጨት ቆራጩ ሆኖ አይገኝም። በሽታ፣ ድርቅ፣ ቃጠሎ፣ አንድ ክፉ ክረምት፣ አልፎ አልፎም በተከታታይ ወንድ ብቻ መወለድን የመሰለ ተራ አጋጣሚ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ምዕራፍ መከራከሪያ ይህ ነው፦ ሰው ዝርያዎችን የሚያጠፋው በአብዛኛው በመግደል ሳይሆን ጥቂትና የተበታተኑ በማድረግ ነው፤ የቀረውን ዕድል ይጨርሰዋል። ይህን የተቀበለ ሰው ስለ ጥበቃ የሚያስበውም ይለወጣል።

ምክንያቶቹ ብቻቸውን አይመጡም

የብዝኃ ሕይወትን ጉዳይ የሚከታተለው ዓለም አቀፍ የሳይንስና ፖሊሲ መድረክ በ2019 ባወጣው ሰፊ ሪፖርት አንድ ሚሊዮን ያህል የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርያዎች የመጥፋት አደጋ እንደተደቀነባቸው ገልጾ፣ ቀጥተኛ ምክንያቶቹን በአምስት ከፍሏቸዋል። የመሬትና የባሕር አጠቃቀም መለወጥ፣ ከልክ ያለፈ አደንና ምርት፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ ብክለት፣ እንዲሁም እንደ ጣናው እምቦጭ ያሉ ወራሪ መጤ ዝርያዎች ናቸው። በየብስ ላይ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው የመጀመሪያው፣ ማለትም ደንና ግጦሽ ወደ እርሻ መለወጡ ነው። ዝርዝሩ ትክክል ነው። ችግሩ አምስቱን ነገሮች እንደ አምስት የተለያዩ ጠላቶች እንድናይ ማድረጉ ነው፤ መሬት ላይ ግን አንዱ ሌላውን ጎትቶ ይመጣል።

ቀይ ቀበሮን እንመልከት። ይህ እንስሳ የሚኖረው በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በሚጀምረው ውርጫማ ደጋ፣ ጅብራና ጓሳ በሚበቅልበት ገላጣ ሜዳ ነው። ምግቡ ከሞላ ጎደል አይጥ ብቻ ነው፤ በባሌ ደግሞ ዋና ቀለቡ ራሱን ከጉድጓድ ብቅ እያደረገ ሣር የሚያጭደው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ቀበሮው መሬቱን በሆዱ እየዳበሰ ቀስ ብሎ ይጠጋል፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሶ ይጠብቃል፣ ፍልፈሉ ሲወጣ ይዘልበታል። ለዚህ አኗኗር ያልታረሰ አፈር ያስፈልገዋል። ገብስ ግን ወደ ላይ እየወጣ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው የአገሪቱ መሬት 60 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻ ተለውጧል። እርሻው ሲወጣ ገበሬው አብሮ ይወጣል፤ ከገበሬው ጋር ከብቱ፣ ከከብቱ ጋር ውሻው ይወጣል፤ ውሻው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ ይሄዳል። ዓለም በሞቀ ቁጥር ገብስ የሚበቅልበት ከፍታ ይጨምራል፤ ተራራው ግን አይረዝምም። እርሻ፣ ከብት፣ በሽታና የአየር ንብረት እዚህ ላይ አንድ ሰንሰለት ናቸው። ውጤታቸውም አንድ ነው፤ በመላው ዓለም ያለው ቀይ ቀበሮ ከ500 የማይበልጥ ሲሆን፣ ከግማሽ በላዩ በባሌ፣ የቀረው ደግሞ በሰሜን ተራሮች፣ በሰሜንና ደቡብ ወሎ፣ በመንዝ ጓሳና በአርሲ ተራሮች በትናንሽ ቡድኖች ተከፋፍሎ ይኖራል። በጎጃሙ ጮቄ ተራራ የነበረው ጠፍቷል።

የእድሩ ሒሳብ

ጥቂት መሆን በራሱ ለምን አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት አንድ እድር እናስብ። ሁለት መቶ አባወራ ያለው እድር በአንድ ወር ሦስት ለቅሶ ቢደርስበት ይቸገራል እንጂ አይፈርስም። መዋጮው ከሁለት መቶ ቤት ይሰበሰባል፣ ድንኳን የሚተክለው ሰው አይታጣም፣ የሚቀጥለው ወር ሐዘን የሌለበት ሊሆን ይችላል። ይኸው እድር አባላቱ ተበትነው ዐሥር ቤት ብቻ ቢቀረው ግን ሦስቱ ለቅሶ ያፈርሰዋል። የሞት መጠኑ አልጨመረም፣ የአባላቱ ደግነትም አልቀነሰም። የተለወጠው ነገር ክፉ ወር በሰፊ ትከሻ ላይ መከፋፈል አለመቻሉ ብቻ ነው። እድሩን ያፈረሰው ማን ነው ቢባል ሦስተኛው ለቅሶ ነው ማለት አይቻልም፤ እድሩ ያለቀው ሁለት መቶው ዐሥር የሆነ ዕለት ነው።

በዱር እንስሳ ዘንድ ይህ ሒሳብ በቁጥር ይታያል። በአንድ ዓመት አራት ግልገል ብቻ የሚወለድበት ቡድን ቢኖር፣ ወንድም ሴትም የመወለድ ዕድሉ እኩል ነው ብንል፣ አራቱም አንድ ዓይነት ጾታ የመሆናቸው ዕድል ከስምንት አንድ ነው። ማንም ጥፋት ሳይሠራ፣ በየስምንት ዓመቱ አንድ ጊዜ ገደማ የሚያጋጥም ነገር ነው። አርባ ግልገል የሚወለድበት ቡድን ውስጥ ግን አርባዎቹም አንድ ጾታ የመሆናቸው ዕድል ከ500 ቢሊዮን አንድ አይሞላም። ቁጥር ሲበዛ ዕድል ጥርሱ ይወልቃል።

ሁለተኛው ነገር የዝምድና ጉዳይ ነው። ቡድኑ ሲያንስ ዘመድ ከዘመድ ይጋባል፣ የተደበቁ የዘር ጉድለቶችም ይገለጣሉ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሚኖረው ፑማ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ያህል ብቻ ቀርቶ በነበረበት ጊዜ ጅራታቸው የተቆለመመ፣ ልባቸው ቀዳዳ ያለው፣ ወንዶቹም የዘር ፍሬያቸው በትክክል ያልወረደ ግልገሎች በብዛት ይወለዱ ነበር። የመንጋ ሥርዓት ያላቸው እንስሳት ላይ ነገሩ ይብሳል። በቀይ ቀበሮ መንጋ ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው አንዷ የበላይ ሴት ናት፤ ስለዚህ ሃምሳ ቀበሮ ቆጥረን ሃምሳ ወላጅ አለ ብንል እንሳሳታለን። ለነገው ትውልድ ዘር የሚያዋጡት ከተቆጠሩት እጅግ ያነሱ ናቸው።

እነዚህ ነገሮች እርስ በርስ ይመጋገባሉ። ቁጥር ሲያንስ ዝምድና ይጠብቃል፣ ዝምድና ሲጠብቅ ወሊድ ይቀንሳል፣ ወሊድ ሲቀንስ ቁጥሩ ይበልጥ ያንሳል። ባለሙያዎች ይህን ወደ ታች የሚጎትት አዙሪት ይሉታል። ከተወሰነ ነጥብ በታች የወረደ ዝርያ፣ መጀመሪያ ያሳነሰው ምክንያት ቢወገድለት እንኳ፣ በራሱ ቁልቁለቱን መቀጠል ይችላል።

ከአደን የዳነችው ወፍ

ለዚህ ከሂዝ ሄን ታሪክ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ሂዝ ሄን ዶሮ የምታህል የሜዳ ወፍ ነበረች። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ በብዛት ትገኝ ስለነበር የአውሮፓ ሰፋሪዎች እንደ ተራ ምግብ ይበሏት ነበር። በአደንና በመኖሪያ መሬቷ መለወጥ ምክንያት በ1870 አካባቢ ከዋናው ምድር ጠፍታ ማርታስ ቪንያርድ በተባለች አንዲት ደሴት ላይ ብቻ ቀረች። በ1908 በደሴቲቱ ላይ ጥብቅ ስፍራ ተከለለላት። ክለላውም ሠራ፤ በዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቁጥሯ ወደ 2,000 ተጠጋ። በዚያን ጊዜ የነበረ ሰው ወፏ ተረፈች ብሎ ለመናገር በቂ ምክንያት ነበረው።

በ1916፣ ልክ እንቁላል በምትታቀፍበት ወቅት፣ ከፍተኛ ቃጠሎ ተነሣ። ቃጠሎውን ከባድ ክረምት ተከተለው፤ ከክረምቱ ጋር ደግሞ ወትሮ በዚያ ብዛት የማይመጡ ጭልፊቶች መጡ። ከዚያ ከቤት ተርኪዎች የተላለፈ በሽታ ገባ፤ ከተረፉትም ወንዶቹ በዙ። በ1927 የቀሩት ዐሥራ ሦስት ያህል ሲሆኑ ሁለቱ ብቻ ሴቶች ነበሩ። ከ1928 መጨረሻ በኋላ የታየው አንድ ወንድ ብቻ ነው፤ እሱም በመጋቢት 1932 ለመጨረሻ ጊዜ ታየ። ቃጠሎ፣ ክረምት፣ ጭልፊትና በሽታ ወፏ በሰፊ ምድር ላይ ተሰራጭታ በነበረችበት ዘመን ሁሉ ነበሩ። አንዱ ቦታ ሲቃጠል ከሌላው ቦታ ትመጣ ነበር። ሁሉም በአንድ ደሴት ላይ በሆኑ ጊዜ ግን የምትመጣበት ሌላ ቦታ አልነበረም። አጥሩ የተሠራው ከአዳኝ ለመጠበቅ ነበር፤ ከአዳኝም ጠብቋታል። ከጥቂትነት ግን አልጠበቃትም።

ከጥቂት ተነሥተው የበዙትስ?

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ያነሣል። በጣም ጥቂት ሆነው ያልጠፉ እንስሳት አሉ። የሞሪሸስ ጭልፊት በ1974 በዱር የሚታወቁት አራት ብቻ ነበሩ፤ በኋላ በመቶዎች ተቆጥረዋል። የእኛው ዋሊያ በ1960ዎቹ ወደ 150 ወርዶ ነበር፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከተከለለ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት በብዙ እጥፍ ጨምሯል። ጥቂት መሆን ሞት ቢሆን ኖሮ እነዚህ አይተርፉም ነበር፤ እንዲህ የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል።

ተቃውሞው እውነት አለበት፤ ጥቂት መሆን የተቆረጠ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ የምንቆጥራቸው የተረፉትን ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ ገብተው የጠፉት ምሳሌ ሆነው ሊቀርቡልን ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ ከተረፉት ብቻ ተነሥቶ አደጋውን መመዘን ከጦርነት የተመለሱትን ብቻ ጠይቆ ጦርነት አይገድልም እንደ ማለት ይሆናል። ሁለተኛና ዋናው፣ ከጥቂት ተነሥተው የተረፉት ሁሉ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ በጥቂትነት የቆዩት አጭር ጊዜ ነው። የሞሪሸስ ጭልፊት እንቁላሉ እየተሰበሰበ በሰው እጅ ተፈልፍሏል፣ ጎጆ ተሠርቶለታል፣ ምግብ ቀርቦለታል፣ የጎዳው ዲዲቲም መረጨቱ ቆሟል። አደገኛው ነገር በጠባብ በር ማለፍ ሳይሆን በሩ ላይ ቆሞ መቅረት ነው። ክፉ ዓመት የሚመጣበት ቀን አይታወቅም፤ በጥቂትነት የሚቆየው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ግን ያ ዓመት ቡድኑን ጥቂት ሆኖ የሚያገኝበት ዕድል ይጨምራል።

ሌላው ተቃውሞ መጥፋት ተፈጥሯዊ ነው የሚለው ነው። በእርግጥም ሰው ከመኖሩ በፊት ዝርያዎች ይጠፉ ነበር። ከላይ የጠቀስነው የ2019 ሪፖርት ግን የዛሬው ፍጥነት ካለፉት 10 ሚሊዮን ዓመታት አማካይ ቢያንስ በዐሥሮች እስከ በመቶዎች በሚቆጠር እጥፍ እንደሚበልጥ ያስቀምጣል። ሰው ሁሉ ሟች መሆኑ በአንድ መንደር በአንድ ሳምንት የደረሰን እልቂት ሳንመረምር እንድናልፈው ምክንያት አይሆንም።

የዌብ ሸለቆ

በ2003 መጨረሻ በባሌ ተራሮች ዌብ ሸለቆ ውስጥ የቀይ ቀበሮዎች ሬሳ መገኘት ጀመረ። የእብድ ውሻ በሽታ ነበር። ቀበሮዎቹ በየቀኑ ለአደን የሚሠማሩት ለየብቻ ቢሆንም፣ ንጋትና ምሽት ላይ የመንጋው አባላት ተሰብስበው አፍ ለአፍ እየተሳሳሙ፣ እየተላላሱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። መንጋውን የሚያስተሳስረው ይህ ልማድ በሽታውን ከአፍ ወደ አፍ ለማስተላለፍ የተመቸ ነው። በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ።

ዌብ ሸለቆ ከሌሎቹ የባሌ ቀበሮ መኖሪያዎች ጋር የሚገናኘው በጠባብ መተላለፊያዎች ነው። ባለሙያዎቹ ሁሉንም ቀበሮ ለመከተብ ጊዜም አቅምም አልነበራቸውም። ስለዚህ በመተላለፊያዎቹ አካባቢ የሚኖሩ መንጋዎችን መርጠው፣ ወደ 70 የሚጠጉ ቀበሮዎችን እየያዙ በመርፌ ከተቡ። ወረርሽኙ ወደ ቀሪው የባሌ ክፍል ሳይዛመት ቆመ። በ2006 በታተመው ጥናት እንደታየው፣ እጅግ የከፋውን እልቂት ለመከላከል ሁሉን መከተብ አያስፈልግም፤ የበሽታውን መንገድ አውቆ እዚያ ላይ መቆም ይበቃል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ክትባቱን ሥጋ ውስጥ ከቶ፣ ሌሊት ቀበሮው በሚያልፍበት መጣል ተጀምሯል፤ ለዚህም እንስሳውን መያዝና ማስጨነቅ አያስፈልግም።

ከዚህ ታሪክ ለመከራከሪያችን የሚያስቸግር ነገር ሊመዘዝ ይችላል። መተላለፊያ በሽታን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ተለያይቶ መኖር ይሻላል ማለት አይደለምን? ዌብ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ አይሰጉም ነበር። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ መገናኘት በእርግጥ ዋጋ አለው። ነገር ግን ከወረርሽኙ በኋላ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ባሌ ከ1991 ጀምሮ በእብድ ውሻ በሽታና በሌላው የውሾች ወረርሽኝ ደጋግሞ ተመትቷል፤ ዓመታት ቢፈጅም ደጋግሞ አገግሟል፤ ምክንያቱም የቀሩት በቂ ነበሩ፣ ወጣት ሴቶችም ከተወለዱበት መንጋ ወጥተው ባዶ ቦታ ይፈልጋሉ። ተነጥሎ የቆመ ተራራ ግን በሽታን ለዘለዓለም አይከላከልም፤ በሽታውን የሚያመጣው ውሻ እንደሆነ በእረኛው ዱካ ይመጣል። የሚከለከለው ቀበሮ ብቻ ነው። ጮቄ ላይ ያለቀውን ቀበሮ በዓባይ ሸለቆና በታረሰ ደጋ ተሻግሮ የሚተካው ከየት ይመጣል? እንግዲህ ትክክለኛው ምርጫ መገናኛውን መክፈትና እዚያው ላይ ክትባቱን ማኖር ነው። የተራሮቹን ዙሪያ ውሾች መከተብም የዚሁ ሥራ ክፍል ነው፤ እግረ መንገዱንም የገበሬውን ልጅና ከብት ከዚያው በሽታ ያድናል።

መተላለፊያ ማበጀት በማይቻልበት ቦታ ሰው ራሱ ያንን ሥራ ሊሠራ ይችላል። በ1995 ከቴክሳስ ስምንት ሴት ፑማዎች ተወስደው ፍሎሪዳ ተለቀቁ። አምስቱ ወለዱ። የተቆለመመው ጅራትና የልብ ጉድለቱ እየቀነሰ ሄደ፣ ቁጥሩም በኋላ ከመቶ በላይ ሆነ። አምስት እናቶች ናቸው ይህን ያመጡት። አጥር ለሂዝ ሄን ያላደረገውን አዲስ ደም ለፑማው አደረገለት።

ብዙ ስለነበሩ የተገኙት

በአገራችን ሁሌም የሚነሣ፣ ሊናቅም የማይገባው ጥያቄ አለ፤ ሰው እየራበው ስለ ቀበሮ ማሰብ ተገቢ ነው ወይ? መልሱን ከቀበሮ ሳይሆን ከቡና እንጀምር። ከኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው የአረቢካ ቡና የተዘራው ከጥቂት ዛፎች ዘር ነው፤ በላቲን አሜሪካ የሚበቅለው ቡና ሰፊ መሬት ቢሸፍንም በዘሩ እጅግ ጠባብ ነው። በ1971 የቡና ፍሬ አጥቂ በሽታ ኢትዮጵያ ሲገባ ግን የጅማ ተመራማሪዎች ወደ ደኑና ወደ ገበሬው ማሳ ሄዱ። ከብዙ ሺህ ዛፎች መካከል በሽታው ያልነካቸውን መርጠው አባዙ። በቡና ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው 74110 ከመቱ አካባቢ የተመረጠ ነው፤ የቁጥሩ መጀመሪያ 74 የተመረጠበትን ዓመት ያመለክታል። በሽታውን የሚቋቋሙት ዛፎች በሽታው ስለመጣ አልተፈጠሩም፤ ቀድሞውኑ በብዙዎቹ መካከል ነበሩ። የደን ቡናው ጥቂት ዛፍ ብቻ ቀርቶት ቢሆን ኖሮ ፍለጋው ባዶ እጅ ይመለስ ነበር። በ2019 የወጣ ጥናት ከዓለም የዱር ቡና ዝርያዎች 60 በመቶ ያህሉ አደጋ ላይ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የዱር አረቢካም ከእነሱ አንዱ ነው። ስለ ብዛት መጨነቅ የጠገበ ሰው ቅንጦት አይደለም። ኑሮው በቡና ላይ ለተመሠረተ ሚሊዮን ቤተሰብ የመጪው በሽታ መድኃኒት ያለው እዚያ ነው።

ይህ ግን ጥያቄውን ግማሽ ያህል ብቻ ይመልሳል። ሁሉም ዝርያ ቡና አይደለም። ሣሩን ለጎጆው፣ ግጦሹን ለከብቱ የሚፈልግ ገበሬ ፊት ቆሞ ነገ ይጠቅምሃል ማለት አይበቃም። ደግሞም ጥበቃ በሚል ስም ሰው ከቀዬው ተነሥቷል፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበረችው ግጭ መንደር በ2016 ተነሥታ ነዋሪዎቿ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። የመሬቱ ማገገም በማን ኪሳራ እንደተገዛ ሳይጠየቅ የሚጻፍ የጥበቃ ታሪክ ጎዶሎ ነው። ሌላ መንገድ መኖሩን የሚያሳየው መንዝ ነው።

የመንዝ ጓሳ ለአራት መቶ ዓመት ያህል የተጠበቀው ቀሮ በሚባል ሥርዓት ነበር። ከአባቶቹ በወረደ መብት የጓሳው ባለቤት የሆነው ሕዝብ አለቃ እየመረጠ መሬቱን ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት፣ ከአጨዳና ከግጦሽ ይዘጋ ነበር። ሣሩ ደርሶ ቀሮው ሲከፈት ሁሉም ባንድነት ገብቶ ያጭዳል። ቀሮውን የጣሰ ይቀጣል። የተጠበቀው ሣር ነበር፤ ሣሩ ሲጠበቅ ግን አይጡም፣ አይጡን የሚበላው ቀበሮም፣ ጭላዳውም አብረው ተጠበቁ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የመሬት ባለቤትነቱን ሲለውጥ ቀሮውም ፈረሰ። አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣው ፍትሕ አያጠራጥርም፤ በጓሳ ግን ኃላፊ ያለው መሬት ኃላፊ አልባ ሆነ። ኋላ የአካባቢው ቀበሌዎች በመረጧቸው ኮሚቴዎች ጥበቃውን እንደ አዲስ አቋቁመው አካባቢውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርገውታል። ቀይ ቀበሮም ዛሬም እዚያ ይኖራል። ከጓሳ የሚገኘው ማስረጃ ድሀ ገበሬ ተፈጥሮን ያጠፋል የሚለውን አነጋገር አይደግፍም። የሚያሳየው መሬቱ ነገም የእኔ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሣር እስኪደርስ ሊጠብቅ እንደሚችል ነው።

ከደብር እስከ ደብር

በዓለም ላይ ትናንሽና የተለያዩ የደን ቁራጮችን ለማጥናት ከደቡብ ጎንደር የተሻለ ቦታ ጥቂት ነው። ከአየር ላይ ሲታይ በታረሰው ቡናማ ምድር መካከል ክብ ክብ አረንጓዴዎች ተበትነዋል፤ በእያንዳንዱ መሐል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከሺህ በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። በመጻሕፍቱም በብዙ አንባቢ ዘንድ የሚታወቀው የደን ሳይንስ ምሁሩ ዓለማየሁ ዋሴ ከእነዚህ መካከል በ28ቱ ባካሄደው ጥናት 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎችን መዝግቧል። ካህናቱና ምእመናኑ ባይጠብቋቸው ኖሮ አብዛኞቹ ዝርያዎች ከአካባቢው ጠፍተው ነበር።

ዛፎቹ ግን ቆመዋል ማለት ደኑ ይቀጥላል ማለት አይደለም። ከብት እየገባ ችግኙን ይረግጣል፣ ይግጣል፤ ከትልልቆቹ ሥር ተተኪ አይታይም። የዓለማየሁና የባልደረቦቹ ጥናት አንድ አሳሳቢ ነገርም አሳይቷል፤ የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት አይቆይም። የመጨረሻው ጥቁር እንጨት ወይም የመጨረሻው ሎል ከአንድ ደብር ሲወድቅ፣ መሬቱ ያስቀመጠው ተቀማጭ የለም። ዘሩ መምጣት ያለበት ከሌላ ደብር፣ በወፍ ወይም በዝንጀሮ ሆድ ነው፤ መካከል ላይ ያለው ግን ወፏ የምታርፍበት ዛፍ የሌለው ማሳ ነው።

ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር በተጀመረው ሥራ በርካታ አድባራት በድንጋይ ካብ ታጥረዋል። ድንጋዩ ከማሳው የተለቀመ ነው፤ ገበሬው እርሻው ጸዳለት፣ ደኑም ከከብት ዳነ። በካቡ ውስጥ ችግኝ መብቀል ጀምሯል፤ ካቡን ከነባሩ ደን ጠርዝ አርቀው የገነቡ ደብሮች ደግሞ ደኑ የሚሰፋበት ቦታ አግኝተዋል። እስካሁን ባልነው መሠረት ይህ የሥራው ግማሽ ነው፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ከማነስ ይጠብቃል፣ ከመነጠል ግን አያወጣውም። ቀሪው ግማሽ ያለው በደብርና በደብር መካከል ባለው መሬት ላይ ነው፦ በወንዝ ዳር፣ በገደል አፋፍ፣ በማሳ ድንበር፣ ለእርሻ በማይመቹ ቦታዎች አገር በቀል ዛፍ በመትከል። ወፏ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትበር የምታርፍበት ወይራና ዋንዛ በየጥቂት መቶ ሜትሩ ቢኖር ሺህ የተለያዩ ደኖች ዘር የሚለዋወጡ መሆን ይጀምራሉ። በእነዚህ ድንበሮች ላይ ዛሬ በስፋት የሚተከለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ለምን እንደሆነ፣ ገበሬው ከእሱ የሚያገኘውን ገቢ ሳያጣ ምን ሊለወጥ እንደሚችል በሚቀጥለው ምዕራፍ እንመለከታለን።